ከወሎ ሄዶ አዲስ አበባን ለሚያይ፦ ኪሎዎቹ፣ ፒያሳ፣ እንጦጦ ወይስ መርካቶ?

ከእኛ አገር አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ለጉብኝት ብሎ አይነሳም። የሆስፒታል ቀጠሮ አለው፣ ሠርግ ተጠርቷል፣ ወይ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጁን ሊሸኝ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ግን አንድ ቀን ትተርፋለች። አንዳንዴ ሁለት። ያኔ ዘመድ "የት ልውሰዳችሁ?" ይላል። የእኛ ሰው መልስ የታወቀ ነው፦ "አንተ እንደመሰለህ።" ዘመድም እንደመሰለው ቦሌ ይወስዳል። ሕንፃ ያሳያል፣ ኬክ ይጋብዛል፣ ይመሻል። በማግስቱ ሌሊት አውቶብስ ተይዞ ወደ ደሴ ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ቀን ነው። ባለፉት ዓመታት እናቴን፣ አክስቴን፣ ጎረቤታችንን ሐጂን፣ የእህቴንም ልጆች በየተራ ይዤ አዲስ አበባን ዞሬያለሁ። አንዱ የወደደውን ሌላው አልወደደውም። ልጆቹ የሮጡበት ቦታ ለእናቴ ጉልበት አልሆናትም። ከዚያ ሁሉ ዙረት የያዝኩትን ሐሳብ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ኪሎዎቹን ምረጡ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ። ከከተማዋ ታሪካዊ ቦታዎች ሁሉ የወሎ እጅ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ፒያሳ ሁለተኛ ይሁን። እንጦጦ፣ መርካቶና ቦሌ እንደ ሰዉ ሁኔታ ናቸው።

አቀማመጡን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከአራት ኪሎ ሽቅብ የሚወጣ አንድ መንገድ አለ። አምስት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን፣ ሽሮ ሜዳን እያለፈ እንጦጦ ይደርሳል። በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆኑ መጥፋት የለም። ፒያሳ ከአራት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው። መርካቶ ከፒያሳ አለፍ ብሎ ነው። መስቀል አደባባይ ወደ ታች፣ ቦሌ ደግሞ ከዚያም ወዲያ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠዋት ቦሌ፣ ከሰዓት እንጦጦ ብሎ ሲያቅድ ነው። ቀኑን ታክሲ ውስጥ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን፣ አንድ መስመር።

ብሔራዊ ሙዚየም ወይስ አንድነት ፓርክ?

ሁለቱም ኪሎዎቹ አካባቢ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ከእናት ጋር ግን አይሞከርም። ስለዚህ አንዱን መምረጥ የግድ ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ድንቅነሽ ያለችው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ይቀመጣል። ይህንን አብረዋችሁ ለሚሄዱት አስቀድማችሁ ንገሩ። አለበለዚያ አስጎብኚው ሲናገር "ታዲያ ምን ልናይ መጣን?" የሚል አይጠፋም።

የወሎ ሰው ግን ድንቅነሽን የሚያይበት ሌላ ምክንያት አለው። የተገኘችበት ሐዳር ዛሬ አፋር ክልል ነው። በ1967 ዓ.ም. ስትገኝ ግን ቦታው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር። አክስቴ የባቲ ልጅ ናት። ከመስታወቱ ፊት ቆማ ብዙ አየቻት። ቁመቷ አንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። አክስቴ መዳፏን ከወገቧ ትንሽ ከፍ አድርጋ ለካቻት። "ይቺን ታክል ልጅ ነች?" አለችኝ። ልጅ እንዳልሆነች፣ አድጋ የጨረሰች ሴት እንደሆነች ነገርኳት። ከዚያ ከባቲ ቁልቁል ሲወረድ ባለው ቆላ እንደተገኘች ስነግራት ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ አጠገቧ ለቆመች ለማታውቃት ሴትዮ "የእኛ አገር ሰው እኮ ናት" ስትል ሰማኋት። እዚያው ምድር ቤት ሰላምም አለች፤ ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሕፃን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት። አክስቴ ከሰላም ፊት ደግሞ ከንፈሯን መጠጠች። ሕፃን ስለሆነች ነው።

ከምድር ቤቱ በላይ ያሉት ፎቆች የነገሥታት አልባሳትና ዙፋን፣ ሥዕል፣ የየብሔረሰቡ የቤት ዕቃ ይዘዋል። ጊዜ ካጠራችሁ ምድር ቤቱንና የነገሥታቱን ፎቅ አይታችሁ ውጡ። ሁለት ሰዓት በቂ ነው።

አንድነት ፓርክ ሌላ ነገር ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ለዘመናት ሰው በአጥሩ ሥር አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጎብኚ ተከፈተ። ግቢው ሰፊ ነው፤ የግብር አዳራሹ፣ የዙፋን ቤቱ፣ የምኒልክ መኖሪያ፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች፣ የየክልሉ እልፍኝ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ጥያቄ የለውም፤ ይሄንን ምረጡ። የእህቴ ልጆች ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ በግማሽ ሰዓት ሰልችተው "መቼ ነው የምንወጣው?" ሲሉ ነበር። እዚህ ግን ከአንበሳው ፊት የሚያላቅቃቸው ጠፋ።

ደሴ ያደገ ሰው የግብር አዳራሹን ሲያይ አይጠየፍ ትዝ ይለዋል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማንንም አይጠየፍም። የምኒልክን አዳራሽ ሳየው ለእናቴ "ይሄ የአይጠየፍ ታላቅ ወንድም ነው" አልኳት። ወዲያው ገባት። በምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲገባ ምን ይመስል እንደነበር ለማሰብ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ከዙፋን ቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት ሳታዩ አትውጡ። ደርግ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን ሹማምንት ያሰረበት ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት 60 ሰዎች መካከል ነበሩ። ድንቅነሽ የተገኘችው በማግስቱ፣ ኅዳር 15 ነው። ሁለቱን ቦታዎች በተለያየ ጊዜ ካየሁ በኋላ ነው ቀኖቹ ጎን ለጎን መሆናቸውን ያስተዋልኩት። አዲስ አበባ ያን ጠዋት በሬዲዮ የሰማችውን ስትቀበል፣ ሐዳር ላይ ደግሞ ጥቂት ሰዎች አሸዋ ላይ አጎንብሰው አጥንት ይለቅሙ ነበር።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ልጆች ካሉ፣ ግማሽ ቀን ካላችሁ፣ ለመግቢያም ለመክፈል ካልከበዳችሁ አንድነት ፓርክ። አዋቂዎች ብቻ ከሆናችሁ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ካላችሁ፣ ወይም ወጪ ካሰባችሁ ብሔራዊ ሙዚየም። አንድነት ፓርክ ስትሄዱ መታወቂያ መያዝ አትርሱ። ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው፤ ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። በየቦታው የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ዋጋ ስለሚለያይ መታወቂያው ለዚያም ይጠቅማል። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር እዚህ አልጽፍም።

ስድስት ኪሎ፦ ብዙ ሰው የሚዘለው

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ የሚኖረው ዘመዳችሁ እንኳ እዚህ ገብቶ ላያውቅ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የስድስት ኪሎ ግቢ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ እምነት፣ ሞት። ለእኛ ግን ትልቁ ነገር ፎቅ ላይ ያሉት የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች ናቸው።

እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። አዎ፣ ደሴ ያለው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በስማቸው የተጠራው እኚያው ናቸው። እናቴ የተማረችው እዚያ ነው። የመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመን ይህንን ስነግራት "የስሂን ልጅ ክፍል ነው?" ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ቤት የገባች ያህል።

ታሪኩ ከዚያም ይጠልቃል። ልጅ ኢያሱ የእቴጌ መነን አጎት ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል አያታቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ሲማረኩ፣ በሌላ ወገን ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱ የመነን ባል ራስ ተፈሪ፣ የኋላው ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በአንድ በኩል አያትና አጎት፣ በሌላ በኩል ባል። ይህንን እያሰባችሁ ያችን ክፍል ስታዩዋት አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ አትሆንባችሁም።

ከሕንፃው ውጭ ደግሞ ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው። ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ከነጻነት በኋላ ከላዩ ላይ ትንሽ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ደረጃውን አላፈረሱትም፤ አንበሳውን ብቻ አወጡበት። ፎቶ የምትነሱ ከሆነ እዚህ ተነሱ።

ከግቢው ስትወጡ አደባባዩ ላይ ያለው ረጅም ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ነው። ጣሊያን በበቀል የጨረሰው ሕዝብ በእኛ ወገን ግምት 30 ሺህ ይደርሳል። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጸውን ተጠግታችሁ እዩት። ቆሞ የሚያይ ሰው ብዙ የለም። መኪናው ይዞራል፣ ተማሪው ያልፋል።

ቅድስት ሥላሴን ለመጨረሻ ያዙት። አራት ኪሎ ነው፣ ሲመለሱ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን የተቀበሩት እዚያ ነው። የ60ዎቹ ሹማምንት መታሰቢያም ግቢው ውስጥ ነው። ጠዋት ክፍላቸውን ያያችሁላቸውን የአምባሰሏን ሴት ከሰዓት መቃብራቸውን ታያላችሁ። ከፈለጋችሁ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በዓታ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ያረፉበት አለ። እኔ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አላደርግም። መቃብር ይበዛል።

ፒያሳ፦ ዓድዋን ለማየት ወይስ የድሮውን ፒያሳ?

የሄዳችሁት የድሮውን ፒያሳ ፍለጋ ከሆነ አስቀድማችሁ ልባችሁን አዘጋጁ። በ2016 ዓ.ም. ብዙው ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው ቦታውን አያውቀውም። የአባቴ ጓደኛ በወጣትነታቸው ፒያሳ ተከራይተው ኖረዋል። ይዣቸው ሄድኩ። ቤታቸው የነበረበትን ለማግኘት ወዲያ ወዲህ ብለን ብለን መጨረሻ ላይ "በቃ ልጄ፣ ተወው" አሉኝ። ትዝታ ያለውን ሰው ፒያሳ ስትወስዱ ይህን አስቡበት።

ለዓድዋ ከሆነ ግን ፒያሳን የሚያህል የለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቷል። ስለ ዘመቻው፣ ስለ ጦር መሪዎቹና ስለ ውጊያው የሚያሳይ ትልቅ ቦታ ነው። የወሎ ሰው ሲገባ ግን ሦስት ነገር ይዞ ይግባ። አንደኛ፣ ጦርነቱን ያመጣው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውጫሌ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታልፏት ውጫሌ። ሁለተኛ፣ ምኒልክ የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ የሸዋን ሰው የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ያኔ ራስ የነበሩት ሚካኤል ፈረሰኛ ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ላይ ነበሩ። ልጆቻችሁን "ውጫሌ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የእህቴ ልጅ የፈተና ጥያቄ መስሎት አንቀጽ 17ን ነገረኝ። ቦታው አያቱ ገበያ የሚሄዱበት እንደሆነ አላሰበውም ነበር።

ከዚያ ወጣ ሲሉ የምኒልክ ሐውልት አለ። በ1923 ዓ.ም. በኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ነቅሎ የቀበረው፣ ከነጻነት በኋላ የተመለሰ። ከፊቱ አራዳ ጊዮርጊስ። ስምንት ማዕዘን ነው። የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ዘምቷል። ዘውዲቱም ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ፤ ዲያቆናቱ ያስጎበኛሉ፣ ጥያቄም ይወዳሉ።

ሐጂ ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ቆመው አይተው ዙሁር ደረሰባቸው። ፒያሳ አካባቢ ኑር መስጊድ አለ፤ ሰው ቤኒን መስጊድ ይለዋል። ሰግደው ሲመለሱ እኔ ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ወሎ ለሆነ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ሁለት እምነት ያላችሁ ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ፣ ፒያሳ ሁላችሁንም ሳያንከራትት ያስተናግዳል።

ቡና ቶሞካ ጠጡ። ቆሞ ነው የሚጠጣው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለለመደ ሰው ግራ ያጋባል፤ ስኒው ሳይበርድ ሰው ጨርሶ ይወጣል። የቡናው ሽታ ግን ደጅ ድረስ ይጠራችኋል። አገር ፍቅር ቴአትርም ቅርብ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የቴአትራችን አንጋፋ ቤት። ማታ ትርዒት ካለ ጠይቁ።

ኪሎዎቹንና ፒያሳን ሳነጻጽር፦ ኪሎዎቹ ዝግ ያሉ ናቸው። ዛፍ አላቸው፣ መቀመጫ አላቸው፣ ግቢ ውስጥ ናችሁ። ፒያሳ ጩኸትና ግንባታ ያለበት፣ ሰው የሚበዛበት ነው። ጉልበት የሚያማቸውን ሰው ኪሎዎቹ ላይ እመርጣለሁ። ወጣቶች ሆናችሁ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ፒያሳ ቶሎ ይዳረሳል፤ ሁሉም በእግር ነው።

እንጦጦ፦ ከየት ነው የመጣችሁት?

እዚህ ላይ ምክሬ እንደ አገራችሁ ይለያያል። ደሴዎች፣ ጦሳን በየቀኑ እያያችሁ ያደጋችሁ፣ ከተማን ከተራራ ላይ ቁልቁል ማየት ለእናንተ ብርቅ አይደለም። ለእይታው ብቻ ብላችሁ እንጦጦ አትውጡ። ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ ወይም ከቆቦ ከመጣችሁ ግን ውጡ፤ ጋቢ ወይ ጃኬት ያዙ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። የቆላ ሰው እዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

እንጦጦ ሲባል ደግሞ ሁለት ነገር ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ነው። የእግር መንገድ፣ ብስክሌት፣ የልጆች መጫወቻ፣ ካፌ በጫካ ውስጥ። ወጣቶችና ፍቅረኞች ይወዱታል፤ ያምራል። ዋጋው ከታች ካለው ካፌ ወደድ ይላል። ሌላው እንጦጦ ማርያም ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚህ ነው። አጠገቡ የድሮ መኖሪያቸው አለ። ከአራት ኪሎው ግቢ ጋር ስታስተያዩት ትገረማላችሁ። ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ጠባብ በር። ዓድዋ ከመዝመታቸው በፊት የነበሩት ሰው ቤት ነው። እኔ ከሁለቱ ማርያምን እመርጣለሁ።

ስትወጡም ስትወርዱም ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች ታገኛላችሁ። ጀርባቸው ከሸክሙ በታች ጎብጧል። መንገድ ልቀቁላቸው። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሷቸው።

ሲመለሱ ሽሮ ሜዳ መውረድ ነው። የሐበሻ ልብስ የሚገዛበት ነው። ለሠርግ የመጣችሁ ከሆነ ይሄ ለብቻው ግማሽ ቀን ይበላል። የመጀመሪያውን ሱቅ ዋጋ አትመኑ። ሦስት አራት ቦታ ጠይቁ። ጥለቱን ገልብጣችሁ ከጀርባው እዩት፤ በእጅ የተሠራውና በማሽን የተጠለፈው ከጀርባው ይለያል።

መርካቶ እና ቦሌ

የወሎ ነጋዴ መርካቶን ከእኔ በላይ ያውቃል። ስለዚህ ለማያውቀው ብቻ። መርካቶ የሚታየው በተራ ነው። ሸማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል፤ አንዱን ተራ ምረጡ። እኔ ምናለሽ ተራን እመርጣለሁ። አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ማንኪያ ሲሆን በዓይናችሁ ታያላችሁ። መዶሻው ጆሮ ይበጥሳል። ሰው ተቀምጦ የሚቀጠቅጠው ብረት ትናንት የመኪና አካል ነበር። የታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በዚሁ በመርካቶ ጎረቤታሞች ናቸው። አዛንና ቅዳሴ በአንድ ሰፈር መስማት ለእኛ አገር ቤት ነው።

ስልክ ግን እጅ ላይ ይዞ መሄድ የለም። የእኔ ስልክ ሄዷል። አንዱ ገፋ አደረገኝ፣ ሌላው ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ዞር ስል ኪሴ ባዶ ነው። ከሁሉ የቆጨኝ የእናቴ ፎቶዎች ናቸው። ገንዘባችሁን የውስጥ ኪስ አድርጉ። አዛውንትና ሕፃን ይዛችሁ ቅዳሜ መርካቶ አትግቡ።

ቦሌን በአጭሩ። መድኃኔ ዓለም ትልቅ ካቴድራል ነው፤ ማየት ያስደስታል። ቀሪው ሕንፃና ካፌ ነው። ማታ ለመብላትና ለመዝናናት ጥሩ ነው። ቀናችሁን ግን አትስጡት። "ወሎ ሰፈር አለ አሉ፣ እንየው" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ከቦሌ መንገድ ላይ ነው። ስሙ ያጓጓል፤ ሲደርሱ ግን የሚታየው መንገድ፣ ሕንፃና የመኪና ሰልፍ ነው። ስታልፉ ታፔላውን አሳዩት፣ ይበቃል።

መስቀል አደባባይ ካለፋችሁ

አደባባዩን ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ መስከረም 16 ለደመራ ካልሄዳችሁ በቀር። አጠገቡ ግን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የተገደሉ ወጣቶች ፎቶ በግድግዳው ሙሉ ተደርድሯል። አጥንታቸውና ልብሳቸውም አለ። ለሕፃናት አይሆንም።

ለወሎ ሰው ይሄ ቦታ በሌላ በኩልም ይከብዳል። አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ነው። ያንን ጊዜ ያለፈ አዛውንት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀስ በሉ። የአባቴ ጓደኛ፣ የፒያሳው፣ እዚህም አብረውኝ ገብተዋል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ነበር የሚያዩት። አንድ ስም ላይ ቆሙ። ያውቁት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ውሃ ጠጣን። መመለሻ ታክሲ ውስጥ ብቻ "አብረን ነበር የተማርነው" አሉኝ። ከሆስፒታል ቀጠሮ በወጣችሁበት ቀን ይህን አትምረጡ።

ቀኑን እንዴት ልክፈለው?

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የደረሳችሁ ዕለት ምንም አታቅዱ። ጣርማ በርን አልፎ የመጣ እግር ያብጣል፤ ውሎውን ለዘመድ ተዉት። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የደጅ የደጁን ጠዋት አድርጉ። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠዋት ግን ይበርዳል።

አንድ ቀን ላላችሁ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ጀምሩ። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ ቁልቁለት ነው፣ ጉልበት ይቆጥባል። ገነተ ልዑልን፣ ደረጃውን፣ ሐውልቱን እዩ። ከዚያ አምስት ኪሎ ድንቅነሽን። ምሳ አራት ኪሎ። ከሰዓት ቅድስት ሥላሴ። ልጆች ካሉ ሥላሴን ትታችሁ አንድነት ፓርክ፤ ያኔ ግን ስድስት ኪሎን አሳጥሩት። ከአምስት ኪሎ አራት ኪሎ ሚኒባስ ሞልቷል፤ አዛውንት ካሉ ግን ራይድ ጥሩ። በእግር የሚሄድ ሰው አራት ኪሎ አደባባይ ላይ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት ያገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከተማዋን መልሰው የገቡበት ቀን ነው።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ጠዋቱን ለፒያሳና ለዓድዋ መታሰቢያ ስጡ። ከሰዓት ሠርግ ያለበት ሽሮ ሜዳ ይውጣ፤ ዕቃ የሚገዛ መርካቶ ይግባ። የቆላው ሰው ደግሞ ጋቢውን ይዞ እንጦጦ ማርያም።

በመጨረሻው ማታ በጊዜ ተኙ። አውቶብሱ ሌሊት ነው የሚነሳው፤ በ10 ሰዓት ከቦሌ እስከ ላምበረት ታክሲ መፈለግ አድካሚ ነው። ከቻላችሁ መናኸሪያው አካባቢ እደሩ። ለመንገድ ውሃና ዳቦ ከማታው ግዙ። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱ ሥር ይመጣሉ፤ ዝርዝር ብር አዘጋጁ።